ገዥው ይግዙልን

ማዕከላዊ ባንክ በአክሲዮን ገበያ ውስጥ እጁን ያስገባ ወይስ ይሰብስብ በሚለው ጉዳይ የዓለም ሊቃውንት ሲሟገቱ ዘመናት አልፈዋል። አንዱ ወገን የባንኩ ሥራ የገንዘብን አቅም መጠበቅ ስለሆነ አክሲዮን ቢወጣም ቢወርድም አያገባውም ይላል። ሌላው ወገን ገበያ ሲናድ ዳር ቆሞ ማየት ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አይጠበቅም ይላል። ክርክሩ ወደ አሶሳ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ቡናው ቶና ሳይደርስ ያልቅ ነበር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ ሲቆርጥ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማረም፤ ሚዛን ላይ አይቶታል። እኔም ሙግቱን ለሊቃውንቱ ትቼ አቤቱታ አቀርባለሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለወርቃችን ያደረገውን ለአክሲዮናችንም ያድርግልን። ይግዛ። ከዋጋው በላይ ይግዛ። ሲወድቅ ደግሞ አብዝቶ ይግዛ።

ሥርዓቱን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወንዞች ዳር አፈር ይቆፈራል፣ ከዚያ በገበቴ ይታጠባል። እጥበቱ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ወገብ ጎንበስ፣ ውኃ እስከ ጉልበት፣ ገበቴው እየተሽከረከረ ጭቃው ይፈሳል፤ ታች ከሚቀረው ጥቁር አሸዋ ጫፍ ላይ ብልጭ የምትል ነገር ካለች ቀኑ ተሳካ ማለት ነው። ያቺ ብልጭታ በፌስታል ቁራጭ ትቋጠራለች። ከቋጠሮ ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢም አሶሳ ወዳለው ንግድ ባንክ ትደርሳለች፤ ንግድ ባንክ ለብሔራዊ ባንክ ይረከባል። ትመዘናለች፣ ጥራቷ ይፈተሻል፣ ትመዘገባለች። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ይህ ወርቅ ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው «ብሔራዊ ባንክ ዛሬ ስንት አለ?» ነው። ኒው ዮርክ ያለ የአክሲዮን ነጋዴ እዚህ የብስለት ደረጃ ላይ ለመድረስ፣ ማለትም ኩባንያውን ትቶ የማዕከላዊ ባንኩን አፍ ለማየት፣ ሁለት ዲግሪና ሦስት ስክሪን ያስፈልገዋል። የእኛ ሰው በገበቴ ደርሶበታል።

ከላይ የተቀመጠ ሰው ወርቃችን ላይ ዓይኑን መጣሉ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከምክንያቶቹ አንዱ በዚህ አካባቢ አለ የተባለው ወርቅ ነበር። ጦሩ የሚልከው ሪፖርት አላረካ ብሎት፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ ራሱ ተነሥቶ እስከ ፋዞግሊ ድረስ መጣ። ወርቁ እንደተወራው አልሆነለትም። በዛሬው አነጋገር ከሚጠበቀው ገቢ በታች ያገኘ የመጀመሪያው የውጭ ኢንቨስተር ሊባል ይችላል። አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ መሀል አገር ሲጠቃለል ደግሞ የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይልኩ ነበር። የግብር ጥቅሙ ዋጋ አለመጠየቁ ነው፤ ገበያው ፍጹም የተረጋጋ ይሆናል።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ለንደን በየቀኑ ለወርቅ ዋጋ ትቆርጣለች፤ ዓለም ሁሉ በዚያ ይገዛል፣ ይሸጣል። ብሔራዊ ባንካችን ግን በአንድ ወቅት ከዓለም ዋጋ 35 በመቶ ጨምሮ ይገዛ ነበር። ለንደን መቶ ስትል እኛ መቶ ሠላሳ አምስት እንል ነበር ማለት ነው። ይህን የመሰለ ልግስና በማንኛውም ንግድ ቤት ቢታይ ባለቤቱን ቤተሰቦቹ ጸበል ይወስዱታል፤ በማዕከላዊ ባንክ ሲሆን ግን ፖሊሲ ይባላል፣ ትክክልም ነው። ያም ሆኖ ወርቁ ለምን እንዳልመጣ የሚጠይቁ ነበሩ። ባንኩ ዶላሩን 57 ብር ገደማ ላይ ይዞት ሳለ በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ይመነዘር ስለነበር፣ ጉርሻው ተጨምሮበትም ኮንትሮባንዲስቱ የበለጠ ይከፍል ነበር። ወርቁም የሚሻለውን መንገድ ያውቃልና ድንበር ይሻገር ነበር። ባንኩ በአንድ እጁ ብሩን ከዋጋው በላይ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው እጁ ያ ያደረሰውን ጉዳት በጉርሻ ይክስ ነበር። ሰው ሁለት እጅ የተሰጠው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ተለቀቀ። በዚያ ሰሞን ባለቀው በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር። በቀጣዩ በጀት ዓመት ከ37 ቶን በላይ ሆነ፤ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ያህልም አስገኘ። ከዚህ ቁጥር ተነሥተው «አያችሁ፣ ዋጋውን ሲተውት ወርቁ በራሱ እግር መጣ» የሚሉ ችኩሎች አሉ። እኔ ቁጥር አያታልለኝም። በዓለም ገበያም ወርቅ በዚያው ዓመት ሽቅብ እየወጣ ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ ገና አልተጣራም። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም። ኮሚቴው እስኪጨርስ ድረስ ግን የ35 በመቶውን ልምድ መጣል ብክነት ነው፤ ለአክሲዮን ይዋል።

ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በክብር ተከፍቷል። ወጋገን ባንክ ቀድሞ ገብቷል፣ ገዳ ባንክ ተከትሏል። ከሠላሳ በላይ ባንክ ባለበት አገር ሌሎቹ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን እያወለቁ ነው። ገበያ አለ፤ የጎደለው ገዥ ነው። ገዥ ደግሞ አለን፤ የብሔራዊ ባንኩ፣ በመንግሥት የተሾሙ፣ ቢሯቸው አዲስ አበባ የሆነ።

ጃፓኖች ይህን ከእኛ ቀድመው አድርገውታል። የጃፓን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአክሲዮን ፈንዶችን ይገዛ ነበር። ቶኪዮ ላይ ገበያው ጠዋት ወረድ ቢል ነጋዴው አይደነግጥም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ባንኩ ይመጣ ነበርና። ኮሮና በገባ ጊዜ ባንኩ የዓመቱን የግዢ ጣሪያ 12 ትሪሊዮን የን አደረሰው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መግዛት ሲያቆም በእጁ የነበረው፣ በገዛበት ዋጋ እንኳ፣ 37 ትሪሊዮን የን ያህል ነበር፤ የአገሪቱ ትልቁ የአክሲዮን ባለቤት ማዕከላዊ ባንኩ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ቢያተርፍም ባያተርፍም፣ ሥራ አስኪያጁ ቢተጋም ቢተኛም ባንኩ ይገዛ ነበር። እንዲህ ያለ ታጋሽ ባለአክሲዮን ያለው ሥራ አስኪያጅ ምን ያህል እንቅልፉ ጣፋጭ እንደሚሆን አስቡት። ከዚያ የመሸጡ ጉዳይ መጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ባንኩ በዓመት 330 ቢሊዮን የን በገዛበት ዋጋ ቀስ እያለ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ማካፈል የሚችል ሁሉ አካፈለው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። ገዥው ካዙኦ ኡዌዳም ይህንኑ አልካዱም። በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የተገባበት ቤት በመቶ አሥራ ምናምን ዓመት ይወጣል። መውጫውን ሳያዩ መግባት ድፍረት ነው፤ ድፍረት ደግሞ የመሪነት መለያ ነው።

ሆንግ ኮንግም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ገበያዋን ሊያወርዱ የተሰለፉ ነጋዴዎችን ለመመከት በ118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አክሲዮን ገዛች። እሷስ በቀጣዩ ዓመት ለሕዝብ መልሳ መሸጥ ጀመረች፣ አተረፈችም። ይህ ምሳሌ ለክርክሬ ብዙም አይመቸኝም፤ ገብቶ ቶሎ መውጣት ከእኛ ባህል ጋር አይሄድም። የአሜሪካኖቹ መንገድ ደግሞ በንግግር ነው። አለን ግሪንስፓን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በአንድ እራት ግብዣ ላይ ገበያው ከልክ በላይ ተደስቶ ይሆን ብለው በጥያቄ መልክ ጣል አደረጉ። በማግስቱ ቶኪዮ ወደቀ፣ አውሮፓ ወደቀ። ከዚያ ገበያው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ነጎደ። ንግግር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በተለይ በአማርኛ ሲሆን፤ ሕዝባችን የባለሥልጣን ንግግርን በተቃራኒው የመተርጎም ልምድ ስላለው ገዥው «አትደናገጡ» ያሉ ዕለት ሁሉም ይሸጣል።

በአገራችን ታሪክም ቢሆን ማዕከላዊ ባንክና አክሲዮን ባዕዳን አይደሉም። በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ልውውጥ ቡድን ሲቋቋም አዋላጁ ያው ብሔራዊ ባንክ ነበር። ገበያው በደህና እየሄደ ሳለ አብዮቱ መጣ፣ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች ተወረሱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ገበያው የፈረሰበት ብለው ይጽፉታል። እኔ ገበያው የተረጋጋበት ብዬ እጽፈዋለሁ። ከ1967 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 50 ዓመታት በኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ አንድም ቀን አልወደቀም። ዎል ስትሪት በዚሁ ዘመን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1987፣ በአንድ ቀን ብቻ 22.6 በመቶ ወርዷል። እነሱ ኮምፒዩተር ነበራቸው፤ እኛ አዋጅ ነበረን።

ከዚያም ወዲህ ባንኩ እጁ አልሰነፈም። ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። ወለዱ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ደግሞ 5 በመቶ። በ5 ተበድሮ በ3 ማበደር በአሶሳ ገበያ ቢነገር ሰው የሚጠይቀው ስለ ጤናህ ነው። ግን እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዘለቀ፣ የባንኮቹ አክሲዮንም ተሽቀዳድመው የሚገዙት ዕቃ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱም ያኔ አዲስ ባንክ እንደልብ አይፈቀድም ነበር፣ የውጭ ባንክ ጭራሽ አይገባም ነበር፣ ተፎካካሪ አልነበረም። ባንኩ በ27 በመቶ የቀነሰውን በአጥር መልሶ ይሰጥ ነበር። የባንክ አክሲዮን ዋጋ በኢትዮጵያ በብሔራዊ ባንክ አልተነካም የሚል ሰው ካለ በደንብ ያልተነካ ሰው ነው።

ነክቶም ያውቃል፣ በእጁ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮች ውስጥ ያላቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ታዘዙ። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ያጠራቀመውን አገሬ ባንክ ላይ ላውለው ያለ ሰው አክሲዮኑ በተጻፈበት ዋጋ ተመለሰለት። አክሲዮኑ ከዚያ በጨረታ ተሸጠ፤ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የተገኘው ለመንግሥት ገቢ ሆነ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 «ተመለሱ፣ ግዙ» ተባሉ። ይህን እንደ በደል የሚያነሡ አሉ፤ የሚያነሡት ሂሳብ ስለማያውቁ ነው። ዋጋ የሚወስን ክፍል ትርፉን የሚወስድ ክፍልም ሲሆን የአሠራር ድግግሞሽ ይቀራል፣ ወጪ ይቆጠባል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ዝርዝር ልግባ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው አሥር በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ በ300 ብር፤ ከ33 በታች መግዛት አይቻልም፣ ከ3,333 በላይም አይቻልም። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር። የቀረው 89.3 ሚሊዮን አክሲዮን ገዥ አጥቶ ቤቱ ተመለሰ። ነጻ ገበያ ይህን ሲያይ የሚለው ከሦስት አንዱን ነው፤ ዋጋው ለዚህ ያህል ገዥ በዝቷል፣ ወይም መረጃው አንሷል፣ ወይም የገዥው ኪስ በሌላ ነገር ተይዟል። ጨዋ መፍትሔ ግን ብሔራዊ ባንክ እንደ ወርቁ 35 በመቶ ጨምሮ ቀሪውን በ405 ብር መግዛቱ ነው። ሂሳቡ 36.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ይመጣል። በማግስቱ እነዚያ 47,377 ሰዎች ከመኝታቸው ሲነሡ በ35 በመቶ ከብረዋል። ምንም ሳይሠሩ መሆኑ የሚያስከፋ አይደለም፤ የአክሲዮን ትርጉሙ ራሱ ይኸው ነው።

ግዢው የት ይፈጸም? አሶሳ ላይ። የመመዘን፣ የመፈተሽና የመመዝገብ ልምዱ እዚያ አለ። ከወርቅ መስኮቱ አጠገብ ሌላ መስኮት ይከፈት፣ በላዩ «አክሲዮን መረከቢያ» ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ አክሲዮኑን ይዞ ይቀርባል፣ ባለሙያው ጥራቱን ይፈትሻል። ወርቅ በእሳት ይፈተን ዘንድ ወግ ነው፤ አክሲዮን ግን ዛሬ በኮምፒዩተር መዝገብ ስለሚቀመጥ የማቃጠሉ ሥራ በሌላ መንገድ ይከናወናል። ለዚህም ልምዱ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ።

ከሕግ አንጻር ችግር የለም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ የባንኩን ዋነኛ ዓላማ የዋጋ መረጋጋት አድርጎታል። የጤፍ ዋጋ ዋጋ ነው፤ የዘይት ዋጋ ዋጋ ነው። የአክሲዮን ዋጋ ከዚህ ዝርዝር የሚወጣበትን አንቀጽ እስካሁን ያሳየኝ የሕግ ሰው የለም። ይልቁንም ጤፍን ማረጋጋት ዝናብ ይጠይቃል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ ሰላም ይጠይቃል። ጥቂት ኩባንያ ያለበትን ገበያ ማረጋጋት አንድ ስልክ ብቻ ይጠይቃል። አንድ ባንክ ዓላማውን ለማሳካት ቀላሉን ዋጋ ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል?

ኢኮኖሚክስ ያጠና አንድ ወዳጄ ቡና ላይ ይህን አጫውቼው ስኳሩን ማማሰል አቆመ።

«ብሩ ከየት ይመጣል?» አለኝ።

«ለወርቁ ከየት ይመጣል?»

«ባንኩ ይፈጥረዋል። ማዕከላዊ ባንክ ሲገዛ ከኪሱ አያወጣም፤ በመግዛቱ አዲስ ብር ይወለዳል። ወርቁስ ዶላር ሆኖ ይመለሳል፣ ያም ሆኖ ብሩ በዝቶ ዋጋ እንዳይንር ባንኩ በሌላ በኩል ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ፣ የባንኮችን ብድር በጣሪያ ይዞ መከራውን ያያል። ለአክሲዮን የተረጨው ብር ምን ሆኖ ይመለሳል?»

«አክሲዮን ሆኖ።»

«ታዲያ አክሲዮኑን አትበላው!»

ይህ ልጅ ሊገባው ያልቻለው ወርቅም እንደማይበላ ነው። እርግጥ ወርቅ በበዛበት ሰሞን በማዕድን ቀበሌዎች አንድ ፍየል ስንት እንደሚጠራ ሰምቻለሁ። ግን ያ የፍየሉ ችግር ነው። ለፍየልም መስኮት ይከፈት።

የበለጠ ያስቸገረኝ ዲግሪ የሌላቸው ሰው ናቸው። ሸርቆሌ አካባቢ ወርቅ የሚያጥቡ አንዲት እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሚዛኑም ከባንኩም የሚበልጥ ይመስላል። ሐሳቤ ከታች ድጋፍ ያግኝ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ዋጋ ሲወርድ ምን ያደርጋሉ?»

«አልሸጥማ። መሬት ውስጥ ይቆያል፣ የትም አይሄድ።»

«ሲጨምርስ?»

«ሲጨምር መንደሩ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል፣ ያኔ ለኔ የሚተርፍ የለም።»

«ባንኩ ከዓለም ዋጋ በላይ ሲከፍልስ? ያኔ ተጠቅመው ነበር?»

ገበቴውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ባንኩ የጨመረው መች እኔ ጋ ይደርሳል? ከአሶሳ ሲነሣ አቅራቢው ይቀበለዋል፣ መንገድ ላይ ሰብሳቢው ይቀበለዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ወሬው ብቻ ነው የሚደርሰው።»

ይህ መልስ በመጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የሐሳቤ ዋና ምሰሶ ሆኖ አገኘሁት። ዓለም ላይ ማዕከላዊ ባንኮች አክሲዮን ሲደግፉ የሚጠቀመው አክሲዮን ያለው ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ የሌለው ወሬውን። የውጭ ምሁራን ይህን ለማረጋገጥ ስንት ጥናት ጽፈዋል! አሶሳ ላይ በሙከራ ተረጋግጦ ያለቀ ነገር ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር 47,377 ሰዎችን መርጦ ማክበር ደግሞ ለአስተዳደር ይቀላል፤ ስማቸው ተመዝግቧል፣ ስልካቸውም ቴሌ ጋ አለ።

እዚህ ላይ የኩርሙክ ጉዳይ ይነሣል፣ ካልተነሣም እኔ አነሣዋለሁ። በዚሁ በአሶሳ ዞን ኩርሙክ ወረዳ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሲገነባ ቆይቷል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት በዓመት 290,000 ወቄት፣ ማለትም 9 ቶን ያህል እንዲሆን ታቅዷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 በቶሮንቶ፣ በ2025 ደግሞ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተመዝግቧል። ስለዚህ የኩርሙክ ድንጋይ ሲፈነዳ ዋጋው የሚንቀሳቀሰው ቶሮንቶ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪም የሆነ አንድ ካናዳዊ ምሳ ሰዓት ላይ በስልኩ የኩርሙክን ወርቅ ቅንጣት ይገዛል፤ የኩርሙክ ሰው የዚያን ኩባንያ አክሲዮን ልግዛ ቢል መጀመሪያ ዶላር ያስፈልገዋል፣ ዶላሩን ወደ ውጭ ለማውጣት ፈቃድ፣ ፈቃዱን ለማግኘት ትዕግሥት። ወጣቱ ስልክ አለው፣ ወርቁ እግሩ ሥር አለው፣ ገበያው ግን ውቅያኖስ ማዶ ነው። ወገኖቼ ይህን ሲሰሙ ማዕድኑን አዲስ አበባ ገበያ ላይ ማስመዝገብ፣ ለአካባቢው ሰው ድርሻ መመደብ የሚሉ ሐሳቦች ያነሣሉ። ረጅም መንገድ ነው፤ የሒሳብ መግለጫ ይጠይቃል፣ ግልጽነት ይጠይቃል፣ ሕግ ማስከበር ይጠይቃል። ዋጋ መደገፍ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ዋጋና ትርፍ ሳይጠየቅ ገንዘብ ሲወጣ በክልላችን አይተናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ቦንድ ወጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ቆርጦ ሰጠ። ወለዱ ስንት ነው፣ መልሼ ለማን እሸጠዋለሁ ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እውነቱን ለመናገር ያ ገንዘብ የት እንደገባ ቆሞ ይታያል፤ ኮንክሪት ነው፣ ውኃ ይዟል። ለአክሲዮን ዋጋ ድጋፍ የሚወጣ ገንዘብ በዓይን የሚታይ ነገር አለማቆሙን እንደ ጉድለት የሚያዩ ይኖራሉ። እኔ እንደ ጥቅም አየዋለሁ፤ የማይታይ ነገር አይሰነጠቅም፣ ጥገናም አይጠይቅም።

ባንኩ በዚህ መንገድ ቢገፋበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉንም አክሲዮን ሊይዝ ይችላል የሚል ስጋት ቀርቦልኛል። ስጋቱ ትክክል ነው፣ ግን ስጋት ያሰኘው ምኑ ነው? ገዥው አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ ዋጋው አንድ። የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ በሒልተን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም እየተባለ፣ ለምሳ ብቻ የመጡ ሰዎች እየተሻሙ መካሄዱ ይቀራል። ክቡር ገዥው ብቻቸውን ይገባሉ፣ አጀንዳውን ያጸድቃሉ፣ ኦዲተሩን ይመርጣሉ፣ ለራሳቸው ትርፍ ያከፋፍላሉ፣ ሁሉም በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ከ1967ቱ ውርስ ልዩነቱ ምንድን ነው የሚል ካለ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያኔ ተወረሰ፣ አሁን 35 በመቶ ተጨምሮበት ይገዛል።

የሚቀረው የመሸጡ ነገር ነው። ጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅብኛል ካለች እኛ ቀጠሮ በማራዘም ከማንም ስለማናንስ ሽያጩ በ2130 ዓ.ም. ቢጀመር ይበቃል። የሽያጭ ዝግጅት ኮሚቴ ግን ከወዲሁ ይቋቋም፤ ሰብሳቢው ከብሔራዊ ባንክ፣ ጸሐፊው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ ታዛቢው ከክልሉ ይሁን። ስብሰባው በየሦስት ወሩ አሶሳ ይደረግ፤ የአውሮፕላን ትኬትና የውሎ አበል ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ ይታሰብ።